የአውሮፓ ቤተሰቦችና የቆሻሻ አለያየታቸው፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጀርመን ቆሻሻን መልሶ ጥቅም ላይ በማዋል ቀዳሚ ናት ሲባል እንሰማለን። በእርግጥ እንዲያ ነው ወይስ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት። ጀርመን ማዘጋጃ ቤቶች ከሚሰበስቡት ቆሻሻ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መልሳ ጥቅም ላይ እንደምታውል ታስታውቃለች፤ የአውሮፓ ኅብረት አማካይ ግን ግማሽ ገደማ ነው። ሆኖም ወደ መለያ ጣቢያ የገባውን በሙሉ መቁጠርና ተጣርቶ ወደ ማምረቻው የደረሰውን ብቻ መቁጠር ብዙ ይለያያሉ። ኅብረቱ በ2018 ሕጉን ሲያሻሽል ሁለተኛውን መሠረት ስላደረገ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን አኃዝ በአንድ ሠንጠረዥ ማወዳደር ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ሁለቱ የብሪታንያ ክፍሎች ዌልስና እንግሊዝ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ ዌልስ ቆሻሻን መልሶ ጥቅም ላይ በማዋል ይህን ያህል የቀደመችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪው ንጽጽር ይህ ነው። ዌልስ 65 በመቶ አካባቢ ስትደርስ እንግሊዝ ከአሥር ዓመት በላይ ከ42 እስከ 45 በመቶ ባለው መካከል ቆማለች። የእንግሊዙ አኃዝ የቤት ቆሻሻን ብቻ፣ የዌልሱ ግን ማዘጋጃ ቤቶች የሚሰበስቡትን በሙሉ የሚያካትት ቢሆንም፣ ልዩነቱን በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ዌልስ በ2010 ባወጣችው ሕግ የየአካባቢውን ምክር ቤት ግዴታ ውስጥ አስገባች፤ ግቡን ያልመታ ምክር ቤት ሊቀጣ ይችላል። የምግብ ትራፊ በየሳምንቱ ለብቻው ይወሰዳል፤ ቀሪው ቆሻሻ ግን በብዙ ቦታ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ብቻ ስለሚነሣ፣ ትራፊውን ሳይለይ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ሽታውን ራሱ ይሸከማል። የእንግሊዝ ቤተሰብ ግዴለሽ ነው የሚለውን አስተያየት የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የምግብ ትራፊው የሚወሰድለት ሁሉም ቤተሰብ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሮማንያስ?

መልስ፦ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናት፤ አብዛኛው ቆሻሻዋ አሁንም ይቀበራል። ኅዳር 30 ቀን 2023 ለጠርሙስና ለቆርቆሮ 50 ባኒ (የሮማንያ ሳንቲም) ማስያዣ ማስከፈል ጀምራለች፤ ባዶውን የመለሰ ገንዘቡን ይቀበላል። በጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን «ፕፋንድ» ብለው የሚያውቁት አሠራር ነው፤ በዚያ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል ጠርሙስና ቆርቆሮ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። መንገዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠርሙስና ቆርቆሮ ከጠቅላላው ቆሻሻ ክብደት ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ የወጥ ቤቱ ትራፊ ካልተለየ በስተቀር መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው አጠቃላይ መጠን ብዙም ከፍ አይልም።

ጥያቄ፦ ስዊድን ቆሻሻ አቃጥላ ቤት ታሞቃለች። ይህስ ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። የቤት ቆሻሻዋ ግማሽ ያህል ለሙቀትና ለኤሌክትሪክ ይቃጠላል፤ ከመቅበር የተሻለ ነው፤ ሆኖም በኅብረቱ ሕግ ኃይል ማመንጨት እንጂ መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል አይባልም። ለ2035 የተያዘው የ65 በመቶ ግብም ማቃጠልን አያካትትም።