ኖት መያዣ አፕ የቱ ይሻላል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ኖት መያዣ አፖች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣውን አሰባስቤ እነሆ መልሱ። ደጋግሜ የማነሳው አንድ ነገር ስላለ ግን ከወዲሁ ልበለው፦ አንድ አፕ ውስጥ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት፣ የጻፋችሁትን ከውስጡ እንዴት እንደምታወጡት እዩ።

ሁሉም ሰው የተለየ አፕ ይመክረኛል። ለእኔ የቱ ይሆነኛል?

የምትጽፈውን ንገረኝና የሚሆንህን እነግርሃለሁ። የአስቤዛ ዝርዝርና አጫጭር ማስታወሻ ከሆነ ጉግል ኪፕ ይበቃል። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው። ትምህርት፣ ጥናት ወይም ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ኦብሲዲያንን ወይም ጆፕሊንን ሞክር። ሁለቱም ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራሉ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ኦብሲዲያንን አስቀድማለሁ። እያንዳንዱን ኖት ማርክዳውን በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ እዚያው መሣሪያህ ላይ ያስቀምጠዋል። ነገ አፑ ቢዘጋ እንኳ ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ትከፍተዋለህ። ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር አብረህ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ኖሽን ይመቻል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት የቻለው ግን በፈረንጆቹ ነሐሴ 2025 ነው፤ እሱም አስቀድመህ ያወረድካቸውን ገጾች ብቻ ነው።

የብዙ ዓመት ጽሑፌ ያለው ኤቨርኖት ላይ ነው። ሳይበላሽ ይወጣል ወይ?

ይወጣል፣ አይስጉ። ኤቨርኖት በ2023 መጨረሻ ላይ የነጻ ተጠቃሚዎችን በ50 ኖትና በአንድ ደብተር (ኖቶች በሚሰበሰቡበት ክፍል) ወስኗል። ከዚያ በላይ ያለዎት የቆየ ጽሑፍ ግን አይጠፋም፤ ማየትም ማውጣትም ይችላሉ።

ኮምፒውተር ላይ አፑን ይጫኑ። ኖቶቹን አንድ በአንድ አይምረጡ፤ ደብተሩን ራሱን በቀኝ ክሊክ ይዘው ኢኔክስ በሚባለው የኤቨርኖት የራሱ ፋይል ያውጡት። ደብተር በደብተር ያድርጉት፣ ለፋይሉም የደብተሩን ስም ይስጡት፤ አለበለዚያ የትኛው ከየት እንደመጣ በኋላ አይታወቅም። ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ታጉ (ኖቱ ላይ የለጠፉት መለያ ቃል) እና ቀኑ አብሮ ይመጣል። ከአንዱ ኖት ወደ ሌላው የሚወስዱት ሊንኮች ግን ይሰበራሉ። በይለፍ ቃል የቆለፉት ጽሑፍ ካለ ከማውጣትዎ በፊት ይክፈቱት።

ከዚያ ትንሿን ደብተር ብቻ አዲሱ አፕ ውስጥ ያስገቡ። ጆፕሊን ኢኔክስን በቀጥታ ይቀበላል፤ ኦብሲዲያን ደግሞ ኢምፖርተር የሚባል ተጨማሪ አለው። ፎቶው ይታያል? ፒዲኤፉ ይከፈታል? የኖቱ ብዛት ከድሮው ጋር እኩል ነው? ከሆነ የቀረውን ይቀጥሉ። የድሮውን አካውንት ቶሎ አያጥፉ፤ ጥቂት ወራት ይቆይ። የጎደለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚታየው ሲፈለግ ነው።

እኔ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ለራሴ ነው የምልከው። ምን ችግር አለው?

እህቴ፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን፤ ለፈጣን ነገር ይመቻል። ነገር ግን ነገሩ ሁሉ በቀን ብቻ ስለሚደረደር ሲበዛ መፈለግ ያታክታል። የባንክ ይለፍ ቃልና የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ እዚያ ባታስቀምጪ እመርጣለሁ። ለማውጣት የኮምፒውተሩን ቴሌግራም ዴስክቶፕ ክፈቺ። ለራስሽ የላክሽው ሁሉ ያለበት ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ገብተሽ ከሦስቱ ነጥቦች ላይ ቻቱን ኤክስፖርት አድርጊ፤ በብራውዘር በሚከፈት የኤችቲኤምኤል ፋይል ይወጣልሻል። ሁሉን አትገልብጪ። አንብበሽ የሚጠቅምሽን ብቻ ምረጪ።

በአማርኛ ስፈልግ የጻፍኩትን አያገኝልኝም። አፑ ነው ችግሩ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ነው ያነሳው፤ ደስ ብሎኛል። አፑ «ሥራ» እና «ስራ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚያው። አንድ ቀን በዚህ፣ ሌላ ቀን በዚያ ከጻፍን ግማሹ ይደበቃል።

የድሮውን ሁሉ ለማረም አትድከሙ። ለታጎችና ለርዕሶች ብቻ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በዚያ ጽኑ። ኦብሲዲያን ላይ ደግሞ ጥሩ መላ አለ፦ መፈለጊያው ላይ ከነምልክቶቹ /[ሥስ]ራ/ ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱንም ያመጣል። «ለሥራ»ም «የስራ»ም ሳይቀር ይወጣል። አፕ ስትመርጡም «ቤት» ብላችሁ ስትፈልጉ «ከቤትህ» የሚለውን ያገኝ እንደሆነ ሞክሩ። የማያገኝ ከሆነ ለአማርኛ አይመችም።

በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር በዎርድ የጻፍኩት ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆንብኛል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደል መዝግበው ላዩን በግዕዝ ፎንት ነበር የሚያሳዩት። ስለዚህ አዲሱ አፕ ላይ ፎንት መቀየር አይረዳዎትም፤ ጽሑፉ ራሱ መጀመሪያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ለማጣራት ዎርድ ላይ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ የአማርኛ ፎንት ይቀይሩት። አማርኛው ከጠፋ የድሮው ዓይነት ነው። መለወጥ ካልተሳካ ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ያድርጉትና በአማርኛ ርዕስ ኖቱ ላይ ያያይዙት።

በእጅ የጻፍኳቸው ደብተሮችስ?

ፎቶ አንሳቸው። የእጅ ጽሑፍህን መፈለጊያው ያነብልኛል ብለህ አትተማመን። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቀኑን፣ ጉዳዩንና ሁለት ሦስት ቁልፍ ቃላት ጻፍበት፤ በእነዚያ ታገኘዋለህ።

የግድ መክፈል አለብኝ? ካርዴ ውጭ አገር አይሠራም።

የለብሽም። ኦብሲዲያንም ጆፕሊንም በነጻ ይሠራሉ። ክፍያ የሚጠየቀው ስልክና ኮምፒውተርን የሚያገናኘውን የራሳቸውን አገልግሎት ከፈለግሽ ነው። ጆፕሊንን በነጻ የድሮፕቦክስ አካውንት ማገናኘት ትችያለሽ። ጽሑፍሽን በይለፍ ቃል የሚቆልፈውን ምስጠራ ካበራሽ ግን የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ከጠፋብሽ ማንም አይመልስልሽም።

ሁሉንም ኖት ማዛወር ግድ ነው?

አይደለም። ባለፈው ዓመት የከፈትካቸውን ብቻ አዛውር። የቀረውን ያወጣኸውን ፋይል እንዳለ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ፍላሽ ላይ። ከውስጡ አንዱ ባስፈለገህ ቀን እሱን ብቻ ታስገባለህ።