ጓቴማላ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጓቴማላ የጠየቃችሁኝን ባንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥ፦ ጦርነት የነበረበት አገር አይደል? አሁን ሰላም ነው?

መ፦ ጦርነቱ በ1996 በስምምነት አልቋል። አሁን የሚያሰጋው ሌባና ወሮበላ ነው። ዋና ከተማው ውስጥ ሲመሽ በእግር አትዙሩ። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አንቲጓ ትሻላለች፤ እኔ ብሆን ማደሪያዬን እዚያ አደርጋለሁ።

ጥ፦ ለመሆኑ ምን አጣላቸው?

መ፦ መሬት። ፕሬዚዳንት ሃኮቦ አርቤንስ በ1952 ጦም ያደረ ሰፋፊ መሬት እየወሰደ ለገበሬው የሚያድል አዋጅ አወጣ። የኛዎቹ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሊወጡ ገና 13 ዓመት ይቀራቸዋል። መሬት ከተወሰደባቸው አንዱ ዩናይትድ ፍሩት የተባለው የአሜሪካ ሙዝ ኩባንያ ነበር። በ1954 ሲአይኤ ያቀነባበረው መፈንቅለ መንግሥት አርቤንስን ጣለው። ከ1960 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ጦርና ግራ ዘመም አማፅያን 36 ዓመት ተዋጉ። 200,000 ገደማ ሰው ሞቷል ወይም የገባበት ጠፍቷል። አብዛኞቹ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች ናቸው።

ጥ፦ ሰዉን ስለዚያ ዘመን መጠየቅ ነውር ይሆን?

መ፦ ነውር እንኳ ባይሆን እናንተ አትጀምሩት። ሠራዊቱ ገበሬውን በግድ አስታጥቆ ሮንድ ያስወጣው ነበር፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ተነሥቷል። ዛሬም እዚያው መንደር አብረው ይኖራሉ። ሰው የጠፋበት ቤት ምን እንደሚወራና ምን እንደማይወራ ለኛ ነጋሪ አያሻንም።

ማወቅ ከፈለጋችሁ ዋና ከተማው ያለው ካቴድራል ሂዱ። ከደጃፉ ባሉት ዓምዶች ላይ የተገደሉና የጠፉ ሰዎች ስም ተቀርጿል። ጳጳሱ ኹዋን ሄራርዲ በ1998 የግፉን ሪፖርት ይፋ ባደረጉ በሁለተኛው ቀን ነው የተገደሉት። ሰላም ከተፈረመ በኋላ ማለት ነው!

በአቲትላን ሐይቅ ዳር ያለውን ሳንቲያጎ አቲትላን የተባለ ከተማም አትለፉት። በ1990 ወታደሮች ባዶ እጁን በወጣ ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ ጦሩን ከከተማው አስወጣ። ጦርነቱ ሊያልቅ ስድስት ዓመት እየቀረው!

ጥ፦ ሐይቁን በጀልባ መሻገር ያስፈራል?

መ፦ በጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ሾኮሚል የሚሉት ነፋስ ይነሣና ጀልባዋን ያንገጫግጫታል።

ጥ፦ በሕዝብ አውቶቡስ ልሂድ?

መ፦ ለአጭር መንገድ፣ በቀን፣ አዎ። አሜሪካ ያረጁ የተማሪ አውቶቡሶች ናቸው፤ እዚያ ቀለም ተቀብተው ተሽሞንሙነዋል። ለሁለት ልጅ በተሠራ ወንበር ሦስት አዋቂ ይቀመጣል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጓቴ፣ ጓቴ!» ይላል። አገራችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል። በዋና ከተማው ግን ዝርፊያ ስላለ ተዉት፤ ለረጅም መንገድ የቱሪስት ሚኒባስ ያዙ።

ጥ፦ የማያ ልጆችን ፎቶ ማንሳትስ?

መ፦ ወላጅ ሳይፈቅድ በፍጹም። በ2000 ቶዶስ ሳንቶስ በተባለ ከተማ «ሕፃን ሊሰርቁ መጡ» በሚል ወሬ አንድ ጃፓናዊ ቱሪስትና የአገሩ ሹፌር በሕዝብ ተደብድበው ሞተዋል።

ጥ፦ በጾም ብሄድ ምን እበላለሁ?

መ፦ ጥቁር ቦሎቄና የበቆሎ ቂጣ የትም አይጠፋም። ግን ቦሎቄውን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚጠብሱት። «ሲን ማንቴካ» በሉ፣ ያለ ስብ ማለት ነው። ከዚያም ድስቱን አሳዩኝ በሉ፤ አይቀየሙም።