ስለማሊዎች ከመጸለያችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ማሊ ስላችሁ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንዳትሄዱብኝ። የማወራው ስለ ህንዶቹ ማሊዎች ነው። በራጃስታን፣ በማሃራሽትራና በሌሎችም ግዛቶች ይኖራሉ። ከጥንት ጀምሮ አበባና አትክልት ማልማት የእነሱ ሙያ ነው። ዕድሜዬን በአትክልት ሙያ ስለጨረስኩ፣ በየተራ ለሕዝቦች በምንጸልይበት የጸሎት ርዕስ ላይ ስማቸውን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ጸልዩ፤ እሰየው። ቅር የሚለኝ «ጌታ ሆይ፣ ከጨለማ አውጣቸው» ብለን በአንድ ደቂቃ ወደሚቀጥለው ሕዝብ መዝለላችን ነው። ማንን ነው የምናወጣው?

እስቲ ሥራቸውን እዩ። የእኛን አደይ የሚመስለው ቢጫ አበባ፣ ጽጌረዳውም፣ ጉንጉን ሆኖ ለሙሽራ አንገት ይውላል፤ ለሂንዱ ቤተ መቅደስም ይቀርባል። ዛሬ ብዙዎቹ መምህር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነዋል። አበባውን ያልተዉት ግን አሉ። እንግዲህ አንዱ ክርስቶስን አመነ እንበል። ጉንጉኑን የሚገዛው ጣዖት አምላኪው ነው። በማግስቱ ምን ሸጦ ልጆቹን ያብላ? ጸሎታችሁ እስከዚህ ድረስ ይውረድ።

ደግሞ ባዶ ሰዎች አይደሉም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሳቭታ ማሊ የሚባል አትክልተኛ ነበራቸው። በአቅራቢያው ወዳለችው ፓንዳርፑር ሰው ሁሉ ለአምልኮ ሲጎርፍ፣ እሱ ማሳውን አልተወም። ሽንኩርቱም ፍጅሉም አምላኬ ነው ብሎ ዘመረ። እኔ አልስማማም፤ ፈጣሪና ፍጥረት ለየቅል ናቸው። ግን ሥራውንና አምልኮውን ያልነጣጠለን ሰው «ምንም የማያውቅ» እያልኩ ልጸልይለት አልችልም። ከእኛስ እሁድ ዘምሮ ሰኞ ሚዛን የሚሰርቅ ስንቱ ነው?

በዘመናችን አካባቢ ደግሞ ጆቲራኦ ፉሌ አለ፤ በ1827 የተወለደ ማሊ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፑኔ ከተማ የስኮትላንድ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ተማረ። በ1848 ከባለቤቱ ከሳቪትሪባይ ጋር ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። እሷ ልታስተምር ስትሄድ ጭቃና እበት ይወረውሩባት ስለነበር ቅያሪ ሳሪ ይዛ ነበር የምትወጣው። በ1868 ደግሞ ፉሌ «አይነኬ» ተብለው የተገለሉ ሰዎች ከቤቱ ጉድጓድ ውኃ እንዲቀዱ ፈቀደ። በ1897 ወረርሽኝ ሲገባ ሳቪትሪባይ በሽተኞችን ስታስታምም በሽታው ይዟት ሞተች።

ፉሌ የሚሲዮኖቹን ሥራ ያከብር ነበር፤ ክርስቲያን ግን አልሆነም። ሚሲዮኖቹ ለፍተው ቀሩ የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላስብም። እነሱ ያስተማሩት ፉሌ በከፈተው ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረች ልጅ በጥምቀት መዝገብ ላይ ስለሌለች እግዚአብሔር አያውቃትም?

አሁን ወደ ጸሎቱ ርዕስ። መጽሐፍ ቅዱስ በሂንዲም በማራቲም ከተተረጎመ ቆይቷል፤ «መጽሐፍ ስጣቸው» እያላችሁ አትድከሙ። ጋብቻ በአብዛኛው እዚያው በወገን መካከል ነውና፣ ያመነ ወጣት ማንን ያገባል? እናቱ ለቅሶ ቤት ማን ይደርስላታል? ይህን ለምኑ። ስለ ዝናብና ስለ አበባ ዋጋም ለምኑ፤ ሥጋዊ ነው አትበሉ።

አንድ ነገር አደራ። ኦዲሻ የምትባለው የህንድ ግዛት ከ1967 ጀምሮ ሃይማኖት መቀየርን የሚቆጣጠር ሕግ አላት፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ስለዚህ «አዲስ አማኝ» የሚል ፎቶ ሲደርሳችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። እናንተ ላይክ ስትቆጥሩ ፖሊስ የሚሄደው እሱ ቤት ነው።