መልስ፦ የልጄን ስኳር በሽታ ያመጣው ምግቡ ነው?

ውድ እናት፣ ልጅዎ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ እዚሁ ጅማ ጎረቤቶችዎ «ጣፋጭ አብዝተሽበት ነው» እንደሚሉዎት ጽፈው፣ የአንጀት ባክቴሪያስ ድርሻ አለው ወይ ብለው ጠይቀዋል። በሽታውን ጣፋጭ አላመጣውም፤ የሚነሳው የሰውነት መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠቃ ነውና እባክዎ ራስዎን አይውቀሱ።

የባክቴሪያው ነገር ግን መሠረት አለው። የጎመንና የባቄላ አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች አብላልተው እንደ ቡቲሬት ያሉ አሲዶችን ያወጡበታል፤ ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ከማጠናከሩም በላይ መከላከያው የገዛ አካሉን እንዳያጠቃ የሚገቱ ሕዋሳትን ያግዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ እነዚህን አሲዶች በብዛት የሚያስገኝ መኖ የተሰጣቸው ለበሽታው የተጋለጡ አይጦች በእጅጉ ተጠብቀዋል። በሰው ላይ ግን በሽታውን በምግብ መከላከል ይከብዳል፤ በ15 አገሮች 2,159 ሕፃናትን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙከራ፣ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረ የሕፃናት ዱቄት ወተት በሽታውን እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ስለዚህ ጎመኑንም ባቄላውንም ይብላ፤ ጎደሬ ግን ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ መጠኑን ሐኪሙ ካዘዘው ኢንሱሊን ጋር ያመጣጥኑለት። ምግብ ኢንሱሊንን ስለማይተካ፣ መርፌውን አንድም ቀን እንዳያስቀሩበት አደራ እላለሁ።