«ብወድቅ በራሴ» ብለህ ብትፈርምስ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ፣ በውጪ በኩል፣ እስካፎልዲንግ ላይ ይሠራል። የተሰጠው ሴፍቲ ቤልት ስፌቱ ተተርትሯል፣ መንጠቆውም አልዘጋ ብሏል። ለፎርማኑ ቢነግረው «ካልፈለግክ ሌላ ሰው ሞልቷል» አለው። አሁን ደግሞ «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው ራሴ ነኝ» የሚል ወረቀት ፈርመህ ወደ ላይ ውጣ ተብሏል። «ብፈርም መብቴን አጣለሁ? አልወጣም ብልስ ያባርሩኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ወረቀቱ ብዙም አያስፈራህ። የሥራ ቦታውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ ሕግ አሠሪው ላይ የጣለው ነው፣ በአንተ ፊርማ ከትከሻው አይወርድለትም። የብዙ አገሮች የሠራተኛ ሕግ ከሕጉ ያነሰ መብት የሚሰጥ ውል አይቀበልም። እንዲያውም (ይሄን አሠሪዎች ልብ አይሉትም) እንዲህ ያለው ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ አደጋውን ቀድመው ያውቁ እንደነበር የሚመሰክረው በራሳቸው ላይ ነው። ቢሆንም አትፈርም። ፈርመህ ከሆነ ፎቶውን ያዝ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላኛው ወረቀት ነው፦ «የደህንነት ዕቃ አሟልቼ ተረክቤያለሁ» የሚለው። ሁሉም ሳያነብ ይፈርመዋል። ኋላ ጉዳት ሲደርስ «እኛ ሰጥተነዋል፣ እሱ ነው ያልተጠቀመበት» የሚባለው በዚህ ነው። ስለዚህ ስትረከብ ቤልቱን ዘርጋው፣ ስፌቱን በጣትህ ዳብሰው፣ መንጠቆውን ተጭነህ ልቀቀው። ካልዘጋ ከፊርማህ በላይ «መንጠቆው አይዘጋም» ብለህ ጻፍበት። ሰው ሲወድቅ አንዴ የያዘ ቤልት ከሆነ ደግሞ ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አይታሰርም።

አልወጣም ማለትን በተመለከተ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 13 ላይ ግልጽ ነው፦ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የቀረበና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ሊጎዳ አይገባም። ይኸው ስምምነት ለደህንነት የሚወጣ ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዳይጫን ይከለክላል፤ የቤልቱን ዋጋ ከደሞዝህ መቁረጥም አይቻልም ማለት ነው። ስምምነቱ የሚሠራው በተቀበሉት አገሮች ነው፣ ዝርዝሩንም የየአገሩ ሕግ ይወስነዋል።

ግን አካሄድህን ጠንቀቅ በል። እምቢ ያልከው አደጋውን እንጂ ሥራውን አይደለም። ተናደህ ቤትህ ከገባህ ነገ «ከሥራ ቀርቷል» ይሉሃል፣ አለቀ። እዚያው ሁን። «ቤልቱ ይቀየር እወጣለሁ፣ እስከዚያ ታች ያለ ሥራ ስጡኝ» በል። ያኔውኑ ለፎርማኑ በስልክ መልእክት ላክለት፦ ቀኑ፣ ፎቁ፣ የተበላሸው ነገር፣ ከፎቶ ጋር። አጠገብህ የነበረውን ባልደረባህን አስታውስ፣ ነገ ምስክርህ እሱ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ለማኅበሩ፣ ከሌላችሁ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክት።

ሊያባርሩህ ይችላሉ? እውነቱን ልንገርህ፣ ሊያደርጉት ይችላሉ። ያ መልእክት በእጅህ ካለ ግን የተባረርክበትን ምክንያት ማሳየት አይከብድህም። ብቻ አትዘግይ። ከሥራ ስንብት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ቦታ አጭር ነው፣ «ይመልሱኝ ይሆናል» እያሉ ሲጠብቁ ያለፈባቸው ሰዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። በዚያው ሳምንት የሕግ ባለሙያ አማክር።