ወንዝ ዳር ስትወርዱ ጎንበስ በሉ

ልጆች፣ ዘንድሮ ስለ ዕፅዋት ወይም ስለ አካባቢ ጥበቃ የመመረቂያ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ ባሌ ወይም ጅማ ካልሄድን ደን የለም ትላላችሁ። አቦ፣ ታዲያ ከደንገጎ እስከ ድሬዳዋ አሸዋ ድረስ ያለውን የወንዝ ዳር ዛፍ ማን ያጥናው?

ደንገጎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። በመሃል ያለው ቁልቁለት ግራርና ደረቅ ቁጥቋጦ ነው። ወንዙ ዳር ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሾላ አለ፣ ዋርካ አለ፣ ሮቃ (ሁመር) አለ፣ ቁርቁራ አለ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ቢሆንም ከአሸዋው ሥር ውሃ አለ። ዛፎቹን ያቆማቸው እሱ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው የአገራችንን ዕፅዋት በ12 ዋና ዋና ዓይነቶች ሲከፍሉ፣ የወንዝ ዳሩን ራሱን አስችለው ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ ተራ ነገር እያጠናን ነው ብላችሁ አትፈሩ።

መጀመሪያ ሾላንና ዋርካን ለዩ። ከሩቅ ሁለቱም ሰፊ ጥላ ናቸው፣ ተማሪም ሁለቱን ሲያምታታ ይውላል። ቅርብ ሂዱና ፍሬውን እዩ። የሾላ ፍሬ ቅጠል በሌላቸው አጫጭር ቅርንጫፎች ላይ ሆኖ ግንዱንና ትልልቅ ቅርንጫፎቹን ይወርራል። የዋርካው ከቅጠሉ ሥር፣ ከቅጠሉ መሃል ነው የሚወጣው። የሾላ ቅጠል ስትዳስሱት ሻካራ ነው፣ ልጡም ወደ ቢጫ ያደላል። የበሰለውን ሾላ ለሁለት ብትሰነጥቁት ውስጡ ጥቃቅን ተርብ ታገኛላችሁ። አበባው እዚያው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ የአበባ ብናኙን የሚያመላልስለት ያ ተርብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ትልቅ ሾላ አይታችሁ «እዚህ ጥሩ ደን አለ» ብላችሁ አትጻፉ። ጎንበስ በሉ። ከሥሩ ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ አለ? ጉልበት የደረሰስ? ክንድ የሚያህል ግንድ ያለውስ? ሽማግሌዎቹ ብቻ ቆመው ወጣት ከሌለ ያ ደን ራሱን መተካት አቁሟል። ዛሬ ለምለም ቢመስልም ማለት ነው።

ለምን እንዳቆመ ስትጠይቁ ሁሉንም በፍየል አታሳብቡ። የሾላ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፣ በውስጡ የያዘው ስንቅ የለም ማለት ይቻላል። ጎርፍ አዲስ ደለል ጥሎ ሲሄድ፣ ፀሐይ በሚያገኝ እርጥብ ቦታ ነው የሚበቅለው። ከዚያ ሥሩ ወደ ታች የሚሸሸውን እርጥበት መከተል መቻል አለበት። አሸዋው በመኪና እየተዛቀ ከሄደ ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ከራቀ አይደርስበትም። ሮቃ ሌላ ነው፤ ዘሩ ትልቅና ጠንካራ ነው፣ ዝንጀሮውም ሰውም እየበላ ይጥለዋል። በቀለ እንበል፤ ያኔ ነው ፍየሉ የሚመጣው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች ችግራቸው አንድ አይደለም።

ፕሮሶፒስን፣ ያንን ከውጭ የገባ እሾሃም ወራሪ ዛፍ፣ ለብቻው ቁጠሩ። ከብቱ ፍሬውን ይበላና ዘሩን ከነፋንድያው ወንዝ ዳር ይጥለዋል። ሲቆርጡት ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከአገር በቀሉ ጋር ደምራችሁት «ችግኝ ሞልቷል» ካላችሁ ሪፖርታችሁ ገደል ገባ።

መምህሮቻችሁ ዛፍ ለመቁጠር 20 ሜትር በ20 ሜትር ካሬ ጣሉ ይሏችሁ ይሆናል። ለተራራ ደን ጥሩ ነው። እዚህ ግን ጥላው ያለበት ቦታ አንዳንዴ ስፋቱ አሥር ሜትር አይሞላም። ካሬው ግማሹ አሸዋ፣ ግማሹ ደረቅ ዳገት ላይ ያርፋል፣ ውጤቱም ሾርባ ይሆናል። ጠባብና ረጅም አድርጋችሁ ከወንዙ ጋር ትይዩ ዘርጉት። ከወንዙ ስትርቁ ዛፉ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአሸዋው ወደ ዳገቱ ቀጥ ያለ መስመር ያዙ።

ስለ ጎርፍ አንድ ነገር። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነውና። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ክረምት ላይ ዕቃችሁን አሸዋው ላይ አትተዉ፣ እናንተም አትረፉበት። «ወንዝ ዳር ዛፍ ብንተክል ጎርፍ ይቆማል» ብላችሁም ለቀበሌ ቃል አትግቡ። ዛፉ ዳርቻውን ይይዛል፣ የውሃውንም ፍጥነት ይቀንሳል። የዚያን ዓይነት ጎርፍ የሚያመጣው ግን የተራቆተው ዳገት ነው፣ ሥራው ከላይ ነው የሚጀመረው።

የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ በተለይ እንጨት የሚለቅሙትን እናቶች። ችግኝ የት እንደሚወጣና መቼ እንደሚጠፋ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። የዛፉን ስም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከናሙናው ጋር ጻፉት። የምትሄዱት በጠዋት ይሁን። ከሰዓት የጫት በርጫ ነው፣ በምርቃና ያልተተከለ ደን የለም። ጠዋት ግን አብሯችሁ ወንዝ ወርዶ «ይኸው፣ አምና እዚህ ጋ ነበር» የሚላችሁ ሰው ታገኛላችሁ።