ሰኔ ላይ የሚደርስ ጥናት

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እናንተ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ፕሮፖዛላችሁን ይዛችሁ ቤቴ ትመጣላችሁ። ደስ ይለኛል። ቡና አለ፣ በረንዳ አለ፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ እንግዳ ቶሎ አያስወጣም። ታዲያ ከሁላችሁም ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «የጥናቱ ውጤት ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት ይሆናል።» የትኛው ፖሊሲ አውጪ? ቢሮው የት ነው? ስላችሁ ዝም ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አትጠይቁኝ።

ወጣት ሳለሁ ከጅማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የመጠጥ ውኃ አጠናሁ። ከምንጩ በጠርሙስ ቀዳን፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ከተትን፣ ሳይመሽ ላብራቶሪ ለማድረስ መኪናውን አስጋለብነው። ውኃው በሰገራ የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ዲፌንስ አደረግሁ (ጽሑፌን ፈታኞች ፊት አቀረብኩ)፣ ተጨበጨበልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እዚያው ቀበሌ ተመለስኩ። አንዲት እናት ከዚያው ምንጭ ጀሪካን እየሞላች አየችኝና ለየችኝ። «ያ የወሰዳችሁት ውኃ ምን ተገኘበት?» አለች በኦሮምኛ። ነገርኳት። ጀሪካኑን አቆመችና «ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀባችሁ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በማግስቱ ነበር ያወቅነው።

ያን ቀን በቀጥታ ወረዳ ሄድኩ። የውኃ ባለሙያው ጨዋ ሰው ነበር፣ አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ሰኔ ነው» አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ተሠርቶ አልቋል። ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። ስንት ምንጭ አለ? የትኛው ይቅደም? አንዱን ለማጎልበት ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል? የእኔ መመረቂያ ጽሑፍ አንዱንም አይመልስም። ባለ ብዙ ገጽ ነው፣ ግን ሲሚንቶ የሚል ቃል የለበትም።

ሰዎች «ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል» ሲሉ እንደ ቢሮክራሲ ጥፋት አድርገው ነው። አንዳንዴ ልክ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ከመደርደሪያው በፊት ነው። የእኛ ካላንደርና የወረዳው ካላንደር አይገናኙም። ብዙዎቻችሁ ዲፌንስ የምታደርጉት ሰኔ ላይ ነው፣ ሰነዱ የሚታተመው ክረምት ላይ። እንግዲህ ከበጀቱ በኋላ የሚመጣ ጥናት ማለት ከሠርጉ ማግሥት የሚደርስ ሚዜ ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት ውሳኔው የማን እንደሆነ ጠይቁ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው? ውኃ ነው? ወይስ ቀበሌው ራሱ በጉልበት የሚሠራው? ከዚያ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ያልተጣራ ዳታ በትኑ አላልኩም፣ አድቫይዘራችሁ ይገለኛል። የተጣራውን ብቻ ውሰዱ። አንዱ ገጽ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ጅማ ተወልዳችሁ በአማርኛ ያደጋችሁ ልጆች እዚህ ላይ ትሰንፋላችሁ። ገበያ ላይ የምትከራከሩበትን ቋንቋ ለጥናት ሲሆን ትፈሩታላችሁ።

ነገሩ ሲሳካ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የቡና ችግኝ ጣቢያ ይሂድ። ገበሬው «74110 አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የቡና ዝርያ ስም ነው፤ ቁጥሩ የመጣው ከተመራማሪ መዝገብ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን የገባው በፈረንጆቹ 1971 ነው። እሸቱን ያጠቁረዋል፣ ያረግፈዋል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ሳይነካ የቆመውን ዛፍ ፍለጋ ወጡ። 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974፤ በእኛ 1966 እና 67 መሆኑ ነው። የ74110 እናት ዛፍ ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው የተገኘችው። በፈረንጆቹ 1979 ዝርያው ለገበሬ ተለቀቀ። አምስት ዓመት ለቡና ምንም ማለት አይደለም፤ ቡና ፍሬ ለመስጠት ብቻ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። መልሱ የተገኘውም ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ መሬት ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። (የተመረጠው ዘር ሲስፋፋ የየአካባቢው ዝርያ መመናመኑ ያሳስበኛል። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።)

እናንተ ደግሞ ትልቅ ዕድል አላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት መፈክሩ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ሆነ። በቲቲፒ፣ ማለትም በቡድን ሥልጠና ፕሮግራሙ፣ የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የፋርማሲውና የላብራቶሪው ተማሪ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብሮ ይከርማል። አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨኛል። አዲስ ቡድን ሲመጣ ቤት ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ያለፈው ቡድን ሪፖርት የት ገባ? ነዋሪው በየዓመቱ «ሽንት ቤት አላችሁ ወይ?» ሲባል ሰለቸው። መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቁጭ ብላችሁ ስሟት። የማን ጉድጓድ እንደተደረመሰ በቃሏ ታውቃለች።

ያ ምንጭ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ሳይገባ የምንጮቹን ዝርዝር በቅደም ተከተል ይዤ ሄድኩ። ድንጋዩን መንደሩ አጋዘ፣ ሲሚንቶውን ወረዳው አመጣ። ያቺ እናት ግን እስከዚያው ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያው ቀድታለች።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ ዲፌንሴ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው» አለችኝ። «ወረዳው ዕቅዱን መቼ ነው የሚዘጋው?» አልኳት። አላወቀችም። እዚያው በረንዳዬ ላይ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ትንሽ ዝም አለና «እንዴ፣ ይህን የጠየቀን ተማሪ የለም እኮ» አላት፤ ከዚያ ቀኑን ነገራት።